የቁጥር አስራ ሰባት ወንድም

ወንድሜ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። መኪናው ክር የበጠሰበት፣ መርፌ የሰበረበት፣ መዘውሩ አልዞር ያለው ልብስ ሰፊ ሁሉ ዓይኑን ሳያሽ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። «ይመጣል» ስል እስከ በሩ ድረስ ማለቴ ነው። መኪናውን ደጃፉ ላይ ያስቀምጥና ችግሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይለጥፍበታል፤ መጻፍ የሰነፈው ደግሞ ከውጭ ሆኖ «ክር እየዋጠ አስቸገረኝ!» ብሎ ጮኾ ይሄዳል። ሥራው ሲያልቅም እንዲሁ ነው። ወንድሜ መኪናውን አውጥቶ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ ባለቤቱ አንስቶ ይሄዳል። እጁን ጨብጠው «ደህና አደርክ» ያሉትን ሰዎች በጣቴ ብቆጥር ጣቴ ይተርፋል።

ምክንያቱ ቆዳው ነው። ከአስራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ክርኑ፣ ጉልበቱና የራስ ቅሉ፣ በኋላም ጀርባውና የእጁ አይበሉባ እየቀላ፣ ነጭ ቅርፊት እያወጣ ይላላጣል። አንዳንድ ወር ይተወዋል፣ አንዳንድ ወር ደግሞ እስኪደማ ያሳክከዋል። አይተላለፍም። ይህን እሱ ለስንት ሰው እንደተናገረ ቤት ይቁጠረው። እኔ፣ የገዛ እህቱ፣ ሥራዬም ከደምና ከሴል ጋር የሆነው ሴትዮ፣ ለስንት ሰው እንደተናገርኩ ብጠየቅ ግን መልሱ ቀላል ነው፤ ለማንም።

በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ጋሼ ነው የምለው። የሰፈር ልጆች «ባለ እጅጌው» ይሉታል፤ በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ ሳይቀር ሸሚዙን እስከ አንገቱና እስከ አንጓው ቆልፎ ስለሚወጣ ነው። እናታችን ስትሞት እኔ አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ እሱ ሃያ አንድ። ፀጉር መሥራት ከጎረቤት ሴት ተምሮ ሠራኝ፤ አንዱ ጉንጉን ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሄዶ ክፍል ውስጥ መሳቂያ ሆኜ ዋልኩ። በማግሥቱ አፍርሶ እንደገና ሠራው። በሦስተኛው ሳምንት ከሴቶቹ በላይ ይሠራ ነበር። ደብተሬን ይሸፍንልኛል፣ የተቀደደ ጫማዬን በስፌት መኪና መርፌ ይሰፋልኛል፣ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርሰኛል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የኔ ነገር የሚጀምረው። አንድ ጠዋት መድኃኒት ቤቱ ጥግ ስንደርስ «ከዚህ በኋላ መንገዱን አውቀዋለሁ» አልኩት። መንገዱን ድሮም አውቀው ነበር፤ ያንን ያልኩት የክፍሌ ልጆች ስላዩት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሳልናገር እሱ ራሱ ጥጉ ላይ ይቆማል፤ ዘወር ስል ቆሞ ያየኛል። እኔም ዘወር ማለት ተውኩ።

የምሠራበት ላቦራቶሪ የሚያጠናው ይህንኑ የቆዳ በሽታ ነው። ይህን የሰማ ሰው «ለወንድሟ ብላ ገባችበት» ብሎ ልቡ ይራራል። አትራሩልኝ። የሥራ ማስታወቂያ ለጥፈው አየሁ፣ ደም ቀጂ ፈለጉ፣ እጄ ለመርፌ ቀለል ያለ ስለነበር ተቀጠርኩ። በሽታው የቱ እንደሆነ ያወቅኩት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ያን ቀንም ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ማንም እንዳያውቅ።

ሥራው እንዲህ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ያለ ሴል ሁሉ አንድ ዓይነት ጂን ተሸክሟል ማለት ይቻላል፤ የዓይኑም፣ የጉበቱም፣ የቆዳውም። ዓይኑን ዓይን፣ ጉበቱን ጉበት የሚያደርገው የትኛው ጂን በርቶ የትኛው ጠፍቶ እንደሚቀመጥ ነው። ለዚህ ደግሞ በዲኤንኤው ክር ላይ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከሚያዙት ጂን አጠገብ፣ አንዳንዶቹ ብዙ ርቀው። ብዙ ጊዜ በሽታ የሚመጣው ጂኑ ራሱ ተበላሽቶ ሳይሆን ማብሪያው ያለ ቦታው ወይም ያለ ጊዜው በርቶ ነው። የኛ ላቦራቶሪ ሰዎች የሃያ ታማሚና የሃያ ጤነኛ ሰው ደም ወስደው፣ ነጭ የደም ሴሎቹን ለይተው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ የትኛው ማብሪያ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ ካርታ ያነሱ ነበር። ሁለቱን ካርታ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ የሚለያየው ቦታ የበሽታው አድራሻ ነው። ደሙን የምቀዳው እኔ ነበርኩ፤ ካርታውን በኮምፒውተር የሚያነበው ደግሞ አንድ ዝም ብሎ የማይቀመጥ፣ ሻዩን ሁልጊዜ ቀዝቅዞ የሚጠጣ ወጣት ነው። ካርታ አንባቢው እንለዋለን። የበላያችን ፕሮፌሰሯ ነበሩ፤ ተቆጥተው ድምፅ ከፍ አያደርጉም፣ እንዲያውም ዝቅ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ነው መፍራት።

ከሦስት ዓመት በፊት ላቦራቶሪ ውስጥ እርጥብ ወለል አንሸራተተኝና ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ፕሮፌሰሯና ካርታ አንባቢው እሑድ ሊጠይቁኝ እንደሚመጡ ደወሉ። ጋሼ ይህን ሲሰማ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ አጸዳው፣ ብርጭቆዎቹን ሁለት ጊዜ አጠበ፣ ሻይ ጣደ፣ አዲሱን ሰማያዊ ሸሚዝ ለበሰ። ፂሙን ተላጭቶ መጥቶ «ምን ልበላቸው? ዶክተር ነው ፕሮፌሰር የሚባሉት?» አለኝ። በሩ ሲንኳኳ እኔ «ጋሼ፣ አንተ ለጊዜው… ክፍልህ ውስጥ ብትሆን» አልኩት። አየኝ። ከዚያ ሻዩን ከምድጃው አውርዶ ገብቶ በሩን ዘጋ።

እንግዶቹ ሻዩን ራሳቸው ቀድተው፣ ተቀምጠን እየተጫወትን ሳለ ከውስጥ መፍቻ ወለል ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ካርታ አንባቢው ጆሮው ቆመ።

«ሌላም ሰው አለ እንዴ?»

«ተከራይ ነው» አልኩ።

ፕሮፌሰሯ «ወንድም እህት የለሽም?» ብለው ጠየቁኝ፣ እንዲሁ ለጨዋታ።

«የለኝም።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት። በመካከላችን ያለው በር ስስ ጣውላ ነው፤ እኔ ሳስነጥስ እንኳ ከዚያ ወዲያ «ይማርሽ» ይለኛል። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ወጥቶ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበ «እትዬ አከራይ፣ እንግዶችሽ እኮ ሻዩን ሳይጨርሱ ሄዱ» አለኝና ሳቀ። ቢሰድበኝ፣ ብርጭቆውን ግድግዳ ላይ ቢሰብረው ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ «እትዬ አከራይ» ነበርኩ፤ «እትዬ አከራይ፣ ሳሙና አልቋል»፣ «እትዬ አከራይ፣ መብራቱ ይጠፋ?» እኔም አብሬው እስቃለሁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ፊቱን ማየት አልችልም ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ካለፈው ዓመት በፊት ባለው ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ከጤነኞቹ ቁጥር አስራ ሰባት ደም የምትሰጥበት ቀን ነበር። የስፖርት አስተማሪ ናት፣ በእኔ ዕድሜ ያለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደወለችና ትኩሳት ይዟታል፣ አትመጣም። ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው ቀረ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። የዲኤንኤውን ክር ክፍት በሆነበት ቦታ እየገባ የሚቆርጠው ኢንዛይም ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ቀልጧል፤ አንዴ ከቀለጠ መልሶ አይቀዘቅዝም። ሴሉ በሕይወት እያለ፣ በዚያው ጠዋት መሠራት አለበት። የማሽኑ ተራ ደግሞ የሚደርሰን በሦስት ሳምንት አንዴ ነው። ፕሮፌሰሯ ባለፈው አንድ ሰው ሲቀር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

ደም መቅጃ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ክንድ ማስደገፊያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ የጎማ ማሰሪያውን በጥርሴ ይዤ ግራ ክንዴን አሰርኩ፣ ሁለት ቱቦ ቀዳሁ። ሐምራዊ ክዳናቸውን ገጠምኩና «17» ብዬ ጻፍኩባቸው። ከዚያ ቅጹን መሙላት ነበረብኝ፤ ጥያቄውን ለሰው አንብቤ የምሞላው እኔው ነኝ። ዕድሜ፣ ሞላሁ። መድኃኒት ይወስዳሉ? አይወስዱም። አራተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «በወላጅ፣ በወንድም ወይም በእህት ላይ ይህ በሽታ አለ?» አለ ያለ ሰው ከጤነኞቹ ወገን አይገባም፤ ማብሪያው በዘር ሊመጣ ስለሚችል ነው፤ ይህንንም አሳምሬ አውቃለሁ።

«የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። አስቤ የዋሸሁ እንኳ አይመስለኝም። ለስንት ዓመት «የለም» ስል ስለኖርኩ እጄ ብቻውን ሄደ።

ከአንድ ወር በኋላ ካርታ አንባቢው ከኮምፒውተሩ ላይ ቀና ብሎ «አስራ ሰባት አበደች!» አለ። ሁላችንም ሄደን አየን። በታማሚዎቹ ላይ የሚከፈቱ፣ በጤነኞቹ ላይ የሚዘጉ አንድ ሰፊ የማብሪያ ስብስብ አለ። በስክሪኑ ላይ ክፍት የሆነው ቦታ ጉብ ብሎ ይወጣል፣ ዝግ የሆነው ጠፍጣፋ ነው። የሌሎቹ ጤነኞች እዚያ ቦታ ላይ ሜዳ ነበር። የአስራ ሰባት ግን ግማሹ ጉብ ጉብ ብሎ ቆሟል።

«ታማለች ማለት ነው?» አልኩት፣ በተቻለኝ መጠን እንደ ቀልድ አድርጌ።

«ቆዳዋ ላይ ምንም የለም ብለሻላ፤ ቅጹም ላይ ንጹሕ ናት። ነገ ይወጣባት ይሆናል፣ ሃምሳ ዓመቷ ላይ ይወጣባት ይሆናል፣ ጭራሽም ላይወጣባት ይችላል። ማን ያውቃል? ለዚህ እኮ ነው የምትገርመው።»

ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ እጅጌዬን ሰብስቤ ክርኔን በመስታወት አየሁ። ምንም አልነበረም። በማግሥቱም አየሁ። በየቀኑ አየሁ፤ ልብሴን ስቀይር፣ ገላዬን ስታጠብ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ሳይቀር ጣቴን እጅጌዬ ውስጥ አስገብቼ እዳብሳለሁ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ጠዋት የጋሼን በር አንኳኳሁ። ቅባት ይዤ ነበር። «ጋሼ፣ ጀርባህን ልቀባህ?» አልኩት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሊያሾፍብኝ አፉን ከፈተና ተወው። ወንበሩን አዙሮ ተቀመጠ፣ ሸሚዙን አወለቀ። ጓንት አላደረግኩም። ቀባሁት።

በሚቀጥለው እሑድም፣ በሚቀጥለውም። ቀስ በቀስ ለመደው፤ ይቆጣኝም ጀመር። «ቀስ በይ እንጂ አንቺ፣ ድስት የምትፍቂ መሰለሽ?» ይለኛል። እኔም «ዝም በል፣ ከድስት በምን ትሻላለህ» እለዋለሁ። ስለ እናታችን ያወራልኛል፤ ማታ ማታ እጁን እንዳይቧጥጥ ካልሲ ታለብሰው እንደነበረ፣ እሱም ያን ሁሉ ዓመት በደንብ ስለማይታጠብ የመጣበት ይመስለው እንደነበረ። «እትዬ አከራይ» የሚለው ቀረ። መቼ እንደቀረ እንኳ አላስተዋልኩም።

ጋሼ ተለወጠ። ቤት ውስጥ እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ። ከዚያ የሥራ ጠረጴዛውን ከውስጥ ክፍል አውጥቶ ሳሎን መስኮቱ ሥር አደረገው፤ መንገደኛ ሁሉ እያየው ይሠራል። በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። ዳቦ ራሱ ወጥቶ ይገዛል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አንዲት ልብስ ሰፊ ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ አገኘኋት፤ ከመኪናዋ አጠገብ፣ ከእሱ ፊት ለፊት። እኔን ስታይ ተነሥታ ጨበጠችኝ።

«አንቺ ነሽ እህቱ? እኔ እኮ እውነት ለመናገር እፈራ ነበር። እሱ ነው የነገረኝ፤ እህቴ የላቦራቶሪ ሰው ናት፣ እሷ በባዶ እጇ ነው የምትቀባኝ አለኝ። ቢተላለፍማ አንቺ ታውቂ አልነበር?»

ጋሼ ብሎን እያጠበቀ ፈገግ አለ። ለካ ለሁሉም ነግሯቸዋል። የኔን ባዶ እጅ ምስክር አድርጎ በየደጁ አቅርቦታል።

ያ እጅ ጀርባው ላይ ምን ይሠራ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። እየቀባሁት አየው ነበር። ቅላቱ ከየት እንደሚጀምር፣ ቅርፊቱ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ወደ አንገት ሲወጣ ምን እንደሚመስል አጠና ነበር። እሱን አልነበረም የማየው። እኔ ላይ ሲወጣ ምን እንደምመስል ነበር የማየው። ሐዘኔ ለራሴ ነበር፤ በእሱ ጀርባ ላይ ቀባሁት እንጂ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ አስራ ሰባት የላቦራቶሪው እመቤት ሆና አረፈች። ማብሪያዋ የታማሚ፣ ቆዳዋ የጤነኛ! ካርታ አንባቢው ወራት ሙሉ ከእሷ ጋር ተኛ ተነሣ፤ ምሳውን ረስቶ፣ በሽታውን ያዝ አድርጎ የከለከለላት ነገር ምን እንደሆነ ፈለገ። ፕሮፌሰሯ በአንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ ሊያቀርቧት አሰቡ። ከዚያ በፊት ግን ሁለተኛ ደም ያስፈልጋል። «ደውለሽ አምጫት» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ስልኳ አይነሣም» ስል ከረምኩ። በሦስተኛው ሳምንት ካርታ አንባቢው ትዕግሥቱ አለቀና ቁጥሯን ከመዝገብ አውጥቶ ሁላችንም ባለንበት ደወለ፤ ድምፁን ለሁላችን ከፍቶ።

«እኔ?» አለች አስተማሪዋ። «እኔ እኮ ያን ቀን አልመጣሁም። አሞኛል ብዬ ደውያለሁ። ደም አልሰጠሁም።»

ቱቦውን ተቀብሎ የሚመዘግበው ካርታ አንባቢው ስለሆነ ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ፕሮፌሰሯ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ታዲያ ሰባት ወር ሙሉ የማንን ደም ነው ያነበብከው?»

እኔ እዚያው፣ ከእሱ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። «የኔን» የምትል አንዲት ቃል ነበረች የምትቀረው። አላልኩም። ከሰዓቱን በሙሉ ማቀዝቀዣው ውስጥ ገብቶ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ሲቆጥር፣ ጣቶቹ ደንዝዘው በአፉ ሲያሞቃቸው፣ «የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?» እያለ ለራሱ ሲያወራ አየሁት። ሻይ እንኳ አፍልቼ ሰጠሁት። አመሰገነኝ።

በማግሥቱ ጠዋት እሱ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ መጣ። ያን ጊዜ ነው ምላሴ የተፈታው። በፕሮፌሰሯ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ባሉበት «አስራ ሰባት እኔ ነኝ» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የቀለጠውን ኢንዛይም፣ በጥርሴ የያዝኩትን ጎማ፣ ቅጹን።

ፕሮፌሰሯ ቅጹን አስመጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ጣታቸው አራተኛው ጥያቄ ላይ ቆመ።

«ይኼስ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ወንድም አለኝ» አልኩ። «ከአስራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ አለበት።»

«ወንድም የለኝም ብለሽኝ አልነበር?»

ካርታ አንባቢው ደብዳቤውን በእጁ እንደያዘ ነበር። «ተከራዩ ነው?» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። አንገቴን ደፍቼ «አዎ» አልኩ። በዚያች ሰዓት ስለ ደሙ ያፈርኩት ለካ ትንሹ እፍረት ነበር።

ከደም መቅጃ ክፍሉ ተነሣሁ። ብልቃጥ አጣቢና አሻጊ ሆንኩ፤ ጉዳዩም ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ተላለፈ። የሚገባኝ ነው። የሰባት ወሩን ሥራ ጣሉት፤ ሃያው ጤነኛ አስራ ዘጠኝ ሆነ። ካርታ አንባቢው ደብዳቤውን ቀደደው። ከመውጣቴ በፊት ግን ፕሮፌሰሯ አስቆሙኝ።

«ያለ ፈቃድ የተወሰደ ደም አልጠቀምም። ነገር ግን አንቺ በሕጉ ፈርመሽ ከሰጠሽ፣ ወንድምሽም ፈቃደኛ ከሆነ፣ የአንድ እናት ልጆች፣ ግማሽ ማብሪያችሁ አንድ ዓይነት፣ አንዱ ታሞ አንዱ ሳይታመም… እሱ ላይ ክፍት ሆኖ አንቺ ላይ የተዘጋው የቱ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። ጠይቂው። ሁሉንም ነግረሽ ነው የምትጠይቂው። ደብቀሽ አንዳች ነገር ብታስፈርሚው አልቀበልም።»

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ጋሼ መስኮቱ ሥር አንድ የተከፈተ መኪና ፊቱ አስቀምጦ በብሩሽ አቧራውን ያራግፋል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ጀመርኩ። ከማብሪያ ማጥፊያው ነው የጀመርኩት፤ እሱ ይቀላል።

«ቆይ» አለኝ ብሩሹን አስቀምጦ። «ማለት መኪናው ራሱ ደህና ነው። ክር ማጥበቂያው ብሎን ነው ያለ ልክ የላላው?»

«እንደዚያ በለው።»

«የኔ?»

«የታማሚ ሁሉ።»

«ያንቺስ?»

«ግማሹ ላልቷል።»

«ግን ክር አልበጠሰም።»

«እስካሁን።»

ፊቱ በራ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለው። ተነሥቶ ቆመ፣ ተቀመጠ። «አየሽ! አለመታጠብ አይደለም! ሃያ ሰባት ዓመት እኮ ነው የማስበው!» አለና እጁን ገልብጦ አየው፣ አዲስ ዕቃ ያገኘ ይመስል። ከዚያ ብዙ ጠየቀኝ፤ ብሎኑን መልሶ ማጥበቅ ይቻል እንደሆነ፣ የትኛው ብሎን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል፣ የኔን የያዘልኝ ምንድን ነው። የማውቀውን ነገርኩት። የማያውቁትንም አለማወቃቸውን፣ የእሱን ደም ለማየት እንደፈለጉም ነገርኩት። ስለ ቅጹ ስነግረው፣ ስለ «የለኝም» ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ «ያቺንማ በበሩ ሰምቻታለሁ» አለ። ይህን ሁሉ አሳለፈልኝ። በቃ፣ አለቀ፣ ተገላገልኩ ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ያንቺም እንደላላ።»

ቀኑን ነገርኩት። ምን አለበት አሳስቼ ብነግረው! ግን ደብቀሽ አይሆንም ተብያለሁ፤ ደግሞም በዚያች ሰዓት ምን እንደጠየቀኝ አልገባኝም ነበር። እሱ ወደ መስኮቱ አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ እየቆጠረ ነበር። ወሩን ቆጠረ፣ ሳምንቱን ቆጠረ፣ ቅባት ይዤ በሩን ያንኳኳሁባት እሑድ ላይ ደረሰ። ሲደርስ አየሁት።

«ለኔ መስሎኝ ነበር» አለ።

እውነቱን ነበር፤ ስጀምር ለእሱ አልነበረም። «በኋላ ግን ላንተ ሆነ ጋሼ፣ በኋላማ ራሴን ረስቼ ነበር» ልል አሰብኩ። ይህም እውነት ነው፣ ከፊሉ። ግን የትኛው እሑድ ላይ ለራሴ መሆኑ አብቅቶ ለእሱ መሆን እንደጀመረ እኔም አላውቅምና እንዴት ብዬ ልንገረው? እሱ ብሩሹን አንሥቶ ማራገፉን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ እጅጌውን ወደ ታች አወረደና ቆለፈው።

ሰኞ ጠዋት ግን ደም ሊሰጥ ላቦራቶሪ ሄደ። እኔ ይሄዳል ብዬ አልጠበቅኩም። አብሬው መግባት ባልችልም፣ ብልቃጥ ማጠቢያው ክፍል ከደም መቅጃው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ በሩም ክፍት ነበር። ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ተቀበሉት፤ «እንኳን መጡ» ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ቅጹን አንድ በአንድ አነበቡለት። ደሙ ለምን እንደሚውል፣ በፈለገበት ቀን ሐሳቡን መለወጥ እንደሚችል ነገሩት። በመጨረሻ «ስለ ራስዎ የምናገኘውን ውጤት ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብለው ጠየቁት።

«የኔስ ወጥቶ አልቋል» አላቸው ጋሼ። «እኔ የመጣሁት እህቴ ላይ እንዳይወጣ ነው። እሷን የያዘላት ነገር ምን እንደሆነ ካገኛችሁ እንዳይለቃት አድርጉ። እሷ ትፈራለች።»

የያዝኩትን ብልቃጥ ውሃው ውስጥ አስቀመጥኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ቅባቱን ይዤ በሩን አንኳኳሁ። አይከፍትልኝም ብዬ ነበር፤ ቢዘጋብኝ እንኳ መብቱ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። ከፈተልኝ። ወንበሩን አዞረ፣ ሸሚዙን አወለቀ፣ ተቀመጠ። ከትከሻው ጀምሬ እስከ ወገቡ ድረስ ቀባሁት። ሆን ብዬ ጠንከር አድርጌ አሸሁት፤ እንዲቆጣኝ፣ ድስት የምትፍቂ መሰለሽ እንዲለኝ። ዝም አለ። ስጨርስ ሸሚዙን ለበሰ፣ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆለፈ፣ ዞሮም በጨዋ ደንብ «አመሰግናለሁ» አለኝ። ፀጉሬን ከሠራልኝ ቀን ጀምሮ እስከዚያች እሑድ ድረስ እኔና ጋሼ ተመሰጋግነን አናውቅም ነበር።